አተላው ድስት ሲገባ

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላን ያውቀዋል። እኔ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ፋሲካ ሲደርስ፣ ወይም የማርያም ጽዋ የእናቴ ተራ ሲሆን ግቢያችን ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጥንስሱ ይጠነሰሳል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል፣ ቀኑ ሲደርስ ጠላው ይጠለላል። እንግዳው ተሸኝቶ ጋኑ ሲራገፍ ከሥሩ ወፍራም ቡናማ ነገር ይወጣል። ያንን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ላም ያላት ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሞልታ ትሄዳለች። የአተላ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

ቃሉም ዕድሉ ያው ነው። ሰው ሰውን ሊያዋርድ ሲፈልግ «አተላ» ይለዋል። ከዚያ የወረደ ስድብ ብዙ የለም።

ስለዚህ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ኒሺኖሚያ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ ጎረቤቴ ከረጢት ይዘው በሬን ሲያንኳኩ ደነገጥኩ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የመጠጥ አተላ ነበር። ሊያስበሉኝ ነው ያመጡት።

ጎረቤቴ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስጠራቸው በቤተሰብ ስማቸው ላይ «ሳን» ጨምሬ ነው። በልቤ ግን እማማ ናቸው፤ እዚህም እማማ እላቸዋለሁ። ጃንዋሪ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። «ካሱ ነው፣ ዛሬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። ካሱ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ጎረምሶች ባቡር ውስጥ ሲሰዳደቡ ሰምቼዋለሁ። ውዳቂ፣ የማይረባ እንደማለት ነው። ገርሞኝ ቆምኩ። እኛ በአተላ እንደምንሳደበው እነሱም በካሱ ይሳደባሉ። እኛ ግን ለላሟ እንሰጠዋለን፤ እማማ ደግሞ ለምሳ ይዘውልኝ መጡ።

ከረጢቱን ስከፍት ያየሁት ከጠበቅኩት ጋር አልተገናኘም። ነጭ ነው፤ ትንሽ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ተደራርቧል። ላዩን በጣቴ ስዳስሰው የጨርቅ ሽመና ታትሞበታል፤ ሳኬ የሚባለው የጃፓን መጠጥ የተጨመቀበት ጨርቅ አሻራ ነው። ስቆርሰው እንደ ደረቀ አይብ ተፈረፈረ፣ መሀሉ ግን ርጥብ ነው። መጀመሪያ የበሰለ ሙዝ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ የቦካ ሊጥ፣ መጨረሻ ላይ አልኮሉ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ጌሾ የለበትም። የማውቀው ጉምዛዜም የለበትም።

አተላ እንዴት ነጭ ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ነገሩ ያለው እህሉ ላይ ነው። ጠላ ውስጥ ብቅሉ ከነገለባው፣ ጌሾው ከነእንጨቱ ይገባል። የሚቀረውም ገለባና እንጨት ነው። ለከብት መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ ሰው ሊበላው አይችልም። ሳኬ የሚሠራው ከሩዝ ነው። ሩዙ ከመብሰሉ በፊት ፍሬው ዙሪያውን ይፋቃል። ዳይጊንጆ ለሚባለው ውድ ሳኬ ከእያንዳንዱ ፍሬ ቢያንስ ግማሹ ተፍቆ ይወጣል። ወደ ድፍድፉ የሚገባው ነጩ ልቡ ብቻ ነው። አተላውም ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው የገረመኝ ብቅል የሌለ መሆኑ ነው። የብቅልን ሥራ የሚሠራው ሻጋታ ነው። ኮጂ ይባላል። እኛ ቤት እንጀራ ላይ ሻጋታ ከታየ እንጀራው ይጣላል፣ ሞሰቡም ይታጠባል። እነሱ በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ላይ ሻጋታውን ይዘሩታል። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ያህል እያገላበጡ ይጠብቁታል፣ ሌሊት ተነሥተው ያዩታል። ሻጋታው የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይራል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይራል። ሁለቱም ሥራ በአንድ ጋን ውስጥ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በ2006 የጃፓን የጠመቃ ማኅበር ይህን ሻጋታ «የአገር ሻጋታ» ብሎ ሰይሞታል። በ2024 ደግሞ በኮጂ መጥመቅ በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገባ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ድፍድፉ ሞሮሚ ይባላል። በብርድ ቀስ ብሎ ሦስት አራት ሳምንት ይብላላል። ከዚያ ይጨመቃል። የሚወርደው ሳኬ፣ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ካሱ ነው። ጥሩው ጠመቃ በብርድ ወራት ስለሆነ ትኩሱ ካሱ ገበያ የሚወጣው ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው። ሰፈራችን ደግሞ የዚህ ነገር አገሩ ነው። ከኒሺኖሚያ እስከ ኮቤ ባሕሩን ተከትለው የተዘረጉት አምስቱ የናዳ ጠማቂ ሰፈሮች ከጃፓን ሳኬ ሩብ ገደማውን ያወጣሉ። ምክንያቱ ውሃው ነው ይላሉ። ሚያሚዙ ይባላል፤ ከ1840 ጀምሮ የታወቀ የጉድጓድ ውሃ ነው። እማማ የድሮዎቹን የእንጨት መጥመቂያ ቤቶች ያስታውሳሉ። በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙዎቹ ፈረሱ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ አያወሩም፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

ያን ቀን ካሱውን ሰጥተውኝ አልሄዱም። «ነይ» ብለው ወደ ማድ ቤታቸው ወሰዱኝ። ካሱጂሩ ሊሠሩ ነው፤ የካሱ ሾርባ ማለት ነው። የዚህ አካባቢ ሰው በብርድ የሚበላው ነው።

ዳይኮኑን፣ ያንን ረጅም ነጭ ፍጅል፣ ላጡና ቀጠን ቀጠን አድርገው ቆረጡት። ካሮቱንም እንደዚያው። ጨው የተነሰነሰበት ሳልሞን ነበራቸው፤ ከነአጥንቱ ቆራረጡና የፈላ ውሃ አፈሰሱበት፣ ሽታው እንዲወጣ። ድስቱ ላይ ኮምቡ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጣዱ። ኮምቡ የባሕር ቅጠል ነው፤ ውሃውን ጣዕም ይሰጠዋል። አትክልቱ ገባ፣ የተጠበሰ ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ነገር፣ ገባ፣ ዓሣው ገባ። እስኪበስል ዝም ብለው አልቆሙም። አንድ ሳህን ውስጥ ካሱውን በጣታቸው ትንንሽ አድርገው ቆረሱ። ከድስቱ ሁለት ጭልፋ ትኩስ መረቅ አፈሰሱበትና ተዉት።

«አትቸኩይ» አሉኝ። «ራሱ ይለሰልሳል።»

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ አሹት። ለስላሳ፣ ነጭ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ ሆነ። ድስቱ ውስጥ ሲገለብጡት ሾርባው ወተት የገባበት መሰለ። ትንሽ ከተንተከተከ በኋላ ሁለት ማንኪያ ነጭ ሚሶ፣ የቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ፣ በጥብጠው ጨመሩና እሳቱን አጠፉ። ላዩ ላይ ባሮ ሽንኩርትና ትንሽ በርበሬ ያለበት ቅመም ነሰነሱ። ለአራት ሰው 4 ኩባያ መረቅና 100 ግራም ካሱ ነበር። እኔም እስካሁን በዚያ መጠን ነው የምሠራው።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ስቀምስ ጣፋጭ ነው አልኩ። ወዲያው ደግሞ ጨዋማ ሆነብኝ። ከዚያ ከጉሮሮዬ ወርዶ ሆዴ ላይ ተቀመጠና ሙቀቱ ወደ ላይ ተመለሰ። ጆሮዬ ሞቀ። እማማ አይተውኝ ሳቁ። አንድ ሳህን ደገምኩ። ሦስተኛ ሲጨምሩልኝ እንቢ አላልኩም።

በማግስቱ ብቻዬን ልሞክር አልኩና አበላሸሁት። ድስቱ ሲፈላ ካሱውን እንዳለ ወረወርኩበት። አልሟሟም። ውጭው ተልሞ ውስጡ ድርቅ ያለ እብጠት እብጠት ሆነ። አንዱን ስነክሰው ጥሬው አልኮል ምላሴን አቃጠለኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እያሳደድኩ ባሽም አልሆነልኝም። «አትቸኩይ» ያሉት ለካ ለወግ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ 200 ግራም ያህል ካሱ ቆርሼ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ አፈስበታለሁ። ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት አሽቼ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ እከተዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ በማንኪያ እየጨለፍኩ ነው የምሠራው። የዕለት ምግብ የሆነልኝ ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የእንግዳ ምግብ ነበር።

ዓሣውንም አሳርሬያለሁ። ካሱ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ካሱዙኬ ይባላል። ሳልሞኑ ጨው ተነስንሶበት ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ውሃ ሲያወጣ ይጠረጋል። ሁለት እጅ ካሱ ከአንድ እጅ ሚሶ ጋር ይታሻል፣ ትንሽ ስኳር ይጨመርበታል። ዓሣው በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። እኔ ጨርቁን ትቼ በቀጥታ ቀበርኩት። ሲወጣም ካሱው ይባክናል ብዬ ሳልጠርገው መጥበሻ ላይ ጣልኩት። ካሱ ውስጥ ስኳር አለ፤ ወዲያው ጠቆረ። ዓሣው ውስጡ ጥሬ፣ ውጭው ከሰል ሆነ። አሁን ጥርግ አድርጌ፣ በዝግታ እሳት፣ ክዳን ገጥሜ ነው የማበስለው። ሲገለጥ የሚወጣው ሽታ ጎረቤት ይጠራል። የዶሮ ጭንም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኮጂው ካሱ ውስጥም ሥራውን ስለማያቆም ሥጋውን ያለሰልሰዋል። የሱፐርማርኬት ዶሮ እንዲህ ሲሆን ያየሁት በካሱ ብቻ ነው።

የበለጠ የወደድኩት ግን በጾም ነው። ሁዳዴ የሚገባው የካሱ ወቅት ሳያልቅ ነው። ዓሣውን እተዋለሁ፤ እናቴ ቤት ዓሣ የጾም ምግብ አይደለምና እኔም እንደዚያው ነኝ። በኮምቡ መረቅ ዳይኮን፣ ጎደሬ የሚመስል ሥራሥር፣ ቶፉ፣ ከዚያ ካሱና ሚሶ። ቅቤና ወተት የሌለበት ምግብ እንዲህ ወፍራምና ሙሉ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደግሞ ቂጣ አለች። 100 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ካሱ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ስስ አድርጌ ዳምጬ፣ በቢላ ቆራርጬ ምድጃ ውስጥ ጥርስ ላይ እስክትሰበር አደርቃታለሁ። ስትበስል ቤቱ በሙሉ የተጠበሰ አይብ ይሸታል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ቀምሳ በድንጋጤ አስቀመጠቻት። «ፍስክ ነው እንዴ?» ሩዝ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ካሱውን አምጥቼ አሳየኋት።

የአገር ቤቱን ምግብም ሞክሬበታለሁ። ሽሮ ላይ፣ ሊወጣ ሲል አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ይስማማዋል። ሹል የሆነውን የበርበሬ ጫፍ ያለዝበዋል። ድንች አልጫም ያምርበታል። ምስር ወጥ ግን አይሆንም፤ ሁለቱ ሽታ ይጣላሉ፤ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ደፋሁት።

ስለ አልኮሉ ሳልናገር አላልፍም። ካሱ ውስጥ ወደ 8 በመቶ አልኮል ይቀራል። ሲፈላ አብዛኛው ይተናል እንጂ ሁሉም አይጠፋም። ስለዚህ ለልጅ አልሰጥም፣ ለነፍሰ ጡር አልሰጥም፣ መኪና ለሚነዳ ሰውም አላቀርብም። ሙስሊም ወዳጆቼ ቤቴ ሲመጡ ካሱ የነካው ድስት ገበታ ላይ አይወጣም። እንግዳ ሳያውቅ የማይበላውን ማብላት ከሁሉ የከፋ ነውር ነው። ለእነሱ በኮጂና በሩዝ ብቻ የሚሠራ አማዛኬ የሚባል ጣፋጭ መጠጥ አለ፤ አልኮል አይገባበትም። የካሱ አማዛኬም ስላለ ስትገዙ ጠይቁ። ያኛው ካሱ በውሃ ተበጥብጦ ከስኳርና ከዝንጅብል ጋር የሚፈላው ነው። የእኛን ገና ካከበርኩ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከጃንዋሪ 9 እስከ 11፣ ኒሺኖሚያ ቤተ መቅደስ የኤቢሱ በዓል አለ። ሕዝቡ መንገዱን ይሞላዋል። እዚያ ዳር ቆሜ አማዛኬ በወረቀት ኩባያ በሁለት እጄ ይዤ ስጠጣ ጥምቀት ደረሰ ማለት ነው እላለሁ።

የድሃ ምግብ ነበር። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የጃፓን ግጥም ውስጥ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ በሚወርድበት ሌሊት አንድ ድሃ ሰው አለ። ጨው እየላሰ፣ ካሱ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ሳኬውን የሚገዛበት የለውም። እማማም በልጅነታቸው ካሱውን ከሰል ላይ ጠብሰው፣ ስኳር ነስንሰው ይበሉ እንደነበር ነግረውኛል። ያኔ ሌላ ጣፋጭ አልነበረም። ሰው ይህን ነገር በጣም ስለተከታተለው ነው መሰለኝ ብዙ ሌላ ነገርም ወጣበት። በ1804 ሃንዳ በምትባል ከተማ አንድ ጠማቂ ከካሱ ኮምጣጤ መሥራት ጀመረ፤ የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሱሺ ሻጮች ሩዛቸውን የሚያጣፍጡበት ያ ቀላ ያለ ኮምጣጤ ሆነ። ናራ ከተማ ደግሞ ከርቡሽ የሚመስል ቅል ካሱ ውስጥ ይቀብራሉ። ካሱውን ደጋግመው እየቀየሩ እንደ ቡና እስኪጠቁር ያቆዩታል።

አሁን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሳኬ የሚጠጣው ሰው ከ1970ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ ሄዷል፤ ካሱ የሚገዛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም፤ «የአያቴ ቤት ሽታ» ይሉታል። ገዢ ያጣው ካሱ እንደ ፋብሪካ ቆሻሻ የሚወገድበት ጊዜ አለ። ከ100 ግራሙ ውስጥ 15 ግራም ገደማው ፕሮቲን የሆነ ምግብ ነው የሚጣለው። ባለፈው ጃንዋሪ ለቢሮ ምሳ ካሱጂሩ በትልቅ ድስት ሠርቼ ወሰድኩ። ከሰዓት በኋላ የሚነዳ አለ ወይ ብዬ መጀመሪያ ጠየቅኩ። ድስቱ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ሁለቱ ልጆች እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልን አሉኝ። ጃፓናውያንን የካሱ ሾርባ ያስተማርኩት እኔ፣ የደብረ ማርቆሷ፣ ነኝ። ለእማማ ስነግራቸው እጄን ይዘው ዝም አሉ።

ጁን ሲገባ ሌላ ካሱ ይመጣል። በብርድ ወራት የተጨመቀው በርሜል ውስጥ ተጠቅጥቆ ወራት ቆይቶ እንደ ጥቁር ሚሶ ቡናማ ይሆናል። እሱ ለኮምጣጣ አትክልት ነው። ከረጢቱን ስከፍተው ቀለሙ የኛ ግቢ ጋን ሥር ወሰደኝ። ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

ስለ ካሱ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ትንሽ አፍሬ ነው። አተላ ትበላለች ብላ እንዳትከፋ ፈርቼ። በስልኩ ካሜራ ነጩንም ቡናማውንም አሳየኋት። ሩዙ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ብቅል እንደሌለው፣ ጌሾ እንደሌለው አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጠላ ጠማቂ ናትና የምትጠይቀው እንደ ባለሙያ ነው። ስንት ቀን ይቆያል? በምን ያጥሉታል? ጋኑን በምን ያጥኑታል? አያጥኑትም ስላት አልወደደችውም።

ከዚያ «ላሞቹስ?» አለችኝ። «እናንተ ከበላችሁት ላሞቹ ምን ይበላሉ?»

ሩዙ ሲፋቅ የሚወጣው ለከብት መኖ እንደሚሆን ነገርኳት። ይሄኛው መልስ ደስ አላት።

«እንደሱ ከሆነ ይሁን» አለች። «ስትመጪ ትንሽ ያዢልኝ፤ እኔም ልቅመሰው።»

መስከረም ላይ እሄዳለሁ። ማቀዝቀዣዬ ውስጥ አንድ ከረጢት የጃንዋሪ ነጭ ካሱ ለይቼ አስቀምጫለሁ። እንዳልነካው ላዩ ላይ በአማርኛ «የእማዬ» ብዬ ጽፌበታለሁ።